የቱን ሞሬይ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤት የሚሆን ሥጋ በል እባብ ዓሣ አመራረጥ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካፌ ያለው ወዳጄ ሰሞኑን ደውሎ «አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትስቅብኝ» አለኝ። ለሥራ ጅቡቲ ሄዶ ያረፈበት ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ፣ በመስታወት ገንዳ ውስጥ አፉን እየከፈተ እየዘጋ የሚያፈጥ እባብ ዓሣ አይቶ ልቡ እዚያው ቀርቷል። «እሱን ካፌው ውስጥ ባስገባ ከሸዋ በር እስከ ሮቢት ያለው ሰው ማኪያቶውን እኔ ጋ ነው የሚጠጣው» ይላል። አልሳቅኩም። እኔም ኮምቦልቻ ቤቴ ውስጥ አንዱን ማኖር ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴ ነው፤ ምኑ እንደሚያማልል አውቃለሁ። ጥያቄው «ከሁሉ የሚያምረው የቱ ነው?» የሚል ነበር። እኔ ደግሞ «ሐምሌ ላይ መንገድ ተበላሽቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ምን ልታበላው ነው?» አልኩት። ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ ሦስት አራት ጊዜ ተደዋውለናል። የነገርኩትን ሰብሰብ አድርጌ እዚህ አስቀምጣለሁ፤ ይኸው ጉጉት ያደረበት ሌላም ሰው አይጠፋም።

ምርጫው ከጥርስ ይጀምራል

ሞሬይ በስሙ እባብ ይባል እንጂ ዓሣ ነው፤ የሚተነፍሰውም በስንጥብ ነው። ወደ 200 የሚጠጋ ዝርያ አለው። አፉን መክፈቱን ያየ ሁሉ «ሊነክሰኝ ነው» ይላል፤ እሱ ግን እየተነፈሰ ነው። የሌላው ዓሣ ስንጥብ ሰፊ ክዳን አለው፣ የሱ ግን ከጭንቅላቱ ኋላ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ናት። ስለዚህ ውሃውን በአፉ እየሳበ ወደ ኋላ መግፋት አለበት። የእኔን ቤት የጎበኘ እንግዳ ሁሉ ይህን ካልነገርኩት ቡናውን ሳይጨርስ ነው የሚነሳው።

ቀለሙንና ዋጋውን ከማወዳደራችሁ በፊት ግን የጥርሱን ዓይነት ጠይቁ። እኔ በራሴ አጠራር ባለ ዱልዱምና ባለ መርፌ እላቸዋለሁ። ባለ ዱልዱሞቹ እንደ ጠጠር የደነደነ ጥርስ ስላላቸው የሸርጣንና የሽሪምፕ ቅርፊት ሰባብረው ይበላሉ። ባለ መርፌዎቹ ጥርሳቸው ረጅምና ስል ነው፤ ዋና ሲሳያቸው ዓሣና ኦክቶፐስ ነው። ይህ ልዩነት የቤታችሁን ወጪ፣ የገንዳውን መጠን፣ ገንዳው ውስጥ ሌላ ዓሣ መኖር አለመኖሩንና የጣታችሁን ዕጣ ይወስናል። ዱልዱሙ ቢስት እንኳ ጣታችሁን ያደማል፣ ያስደነግጣል፤ መርፌው ግን ሐኪም ቤት ይልካል።

ስለ ንክሻው አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2007 ሪታ ሜታና ፒተር ዌይንራይት የሚባሉ ተመራማሪዎች ሞሬይ ጉሮሮው ውስጥ ሁለተኛ መንጋጋ እንዳለውና ያ መንጋጋ ወደ ፊት ተወርውሮ ምግቡን ይዞ ወደ ውስጥ እንደሚጎትት አሳይተዋል። ብዙው ዓሣ ምግቡን ከውሃ ጋር ስቦ ነው የሚያስገባው፤ ሞሬይ ግን ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ የሚኖር ቀጭን ራስ ስላለው በመሳብ ብዙም አይሆንለትም። የፊተኛው መንጋጋ ይይዛል፣ የኋለኛው ይጎትታል። ስለዚህ የያዘውን ነገር በቀላሉ አይለቅም። ደንግጣችሁ እጃችሁን ብትነጥቁት ቁስሉን የምታሰፉት እናንተው ናችሁ።

እጩዎቹ

ስኖውፍሌክ የሚባለው ነጭ መደብ ላይ ጥቁርና ቢጫ ነጠብጣብ የተበተነበት ባለ ዱልዱም ነው። የኔም እሱ ነው። ቤት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 75 ሴንቲሜትር ይደርሳል፤ በደህና ከተያዘ ከ10 ዓመት በላይ አብሯችሁ ይኖራል። ቢያንስ 280 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ስጡት። ቀይ ባሕር አገሩ ነው፤ ሞቃትና ጨዋማ ውሃ አይከብደውም። የኔው ከመጣ በሁለተኛው ወር ከመቆንጠጫ መብላት ለምዷል። ዛሬ የፍሪዘሩ በር ሲከፈት ከድንጋዩ ብቅ ይላል፤ በሩን ሰምቶ ይሁን የእግሬን ንቅናቄ አውቆ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ዓይኑ ደካማ ነው፣ አፍንጫው ግን ሌላ ነው፦ አንዲት ሽሪምፕ ውሃው ውስጥ ስነክር ራሱን ወዲያ ወዲህ እያወዛወዘ፣ ሽታውን እንደ ክር እየተከተለ ይመጣል። አንዳንዴ መቆንጠጫውን አልፎ ሄዶ መስታወቱን ይነክሳል፤ ያፍርም ይመስለኛል።

ይኸው ዝርያ የበላውን ከውሃ ውጭ ሆኖ መዋጥ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ጥናት ታይቷል። ይህ ለእኛ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛ፣ ምግቡን ውሃው አፍ ላይ ብትይዙለትም ራሱን አውጥቶ ይወስዳል። ሁለተኛ፣ ክዳን የሌለው ገንዳ ለሱ በር የሌለው ቤት ነው። ወደ ክዳኑ እመለስበታለሁ።

ዜብራ ሞሬይም ባለ ዱልዱም ነው፤ ቡናማ ገላው ላይ ነጭ ቀለበት የተጠመጠመበት፣ ከሁሉም ይልቅ ጨዋው እሱ ነው። ካፌ ውስጥ ለሚቀመጥ ገንዳ በመልኩም በጠባዩም ከስኖውፍሌክ ይበልጣል ብል አላጋነንኩም። ችግሩ ሁለት ነው። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ሊያልፍ ይችላል፣ ስለዚህ ከ500 ሊትር በታች አታስቡ። ሁለተኛው ደግሞ ምግቡ ላይ ግትር ነው፤ ተፈጥሮው ሸርጣን ሰባሪ ስለሆነ ዓሣ ብትሰጡት ፊቱን ሊያዞር ይችላል። አዲስ የመጣ ዜብራ ለሳምንታት ሲጾም ማየት የተለመደ ነው። «ከቦርከና ሸርጣን ልልቀምለት» የሚል አይጠፋም፤ የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ የሚቀላቀልበትን ወንዝ ሸርጣን ግን እኔ ለጠላቴ ዓሣም አልሰጥም።

ጎልደን ድዋርፍ ቢጫ ድንክ ነው፤ ከ30 ሴንቲሜትር ብዙም አያልፍም፣ 100 ሊትር አካባቢ ይበቃዋል። የጨው ወጪው ትንሽ፣ የመብራት ወጪው ትንሽ። ግን ውድ ነው፣ በቀላሉ አይገኝም፣ ደግሞም ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ውስጥ ተሸጉጦ ይውላል። ለራሱ ደስታ ለሚያሳድግ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ለካፌ ግን ደንበኛ «ባዶ ገንዳ ነው እንዴ?» ብሎ ይወጣል።

ድራገንና ሃኒኮምብ የባለ መርፌዎቹ ወገን ናቸው። ድራገኑ ከቅንድቡ ላይ ቀንድ የሚመስል ቱቦ ያወጣ፣ መንጋጋው ስለተቆለመመ ጥርሱ አፉን ዘግቶም የሚታይ፣ በፎቶ ካየነው ሁሉ የሚያምረው ነው። ዋጋው የሚያምር አይደለም። ሃኒኮምቡ ደግሞ ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል። ሁለቱንም ለወዳጄ «እርሳቸው» አልኩት፤ ማብራሪያም አልጨመርኩም።

የበለጠ የምፈራው ስም የሌለውን ነው። ነጋዴ «ቡናማ ሞሬይ፣ ርካሽ ነው፣ ትንሽ ነው» ብሎ ያመጣላችሁ የ30 ሴንቲሜትር ልጅ፣ ቀይ ባሕር ውስጥ እስከ 3 ሜትርና እስከ 30 ኪሎ የሚደርሰው የግዙፉ ሞሬይ ግልገል ሊሆን ይችላል። ዝርያው ካልታወቀ አትግዙ። ሪባን የሚባለውን፣ እንደ ጥብጣብ የቀጠነውንና በወጣትነቱ ጥቁር፣ ወንድ ሲሆን ሰማያዊ፣ ሴት ሲሆን ቢጫ የሚሆነውን ደግሞ ባሕሩ ውስጥ ተዉት። አብዛኛው ቤት ውስጥ አልበላም ብሎ ከስቶ ነው የሚሞተው።

የትኛውንም ብትመርጡ ሕያው እንስሳ ከውጭ ሲገባ የእንስሳት ጤና ምስክር ወረቀትና የአስመጪ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ሻጩን «ወረቀቱ የታል?» በሉት። ከሌለው ይቅርባችሁ።

ሐረጎን ስትወጡ ኦክስጅኑ ይወርዳል

ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚራራቁት፤ ለሞሬይ ግን ሁለት አገር ናቸው።

ባሕር ጠረፍ ላይ 25 ዲግሪ የሆነ የባሕር ውሃ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን መያዝ ይችላል። ያንኑ ውሃ በጀሪካን ጭናችሁ ኮምቦልቻ፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ብታደርሱት የሚይዘው ወደ 5.3 ይወርዳል። ሐረጎን ወጥታችሁ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትደርሱ ወደ 4.9። ምክንያቱ አየሩ ስለሚሳሳ ነው፤ እኛ ጦሳን ስንወጣ እንደምናለከልከው ማለት ነው። ፓምፕ ብትደረድሩም ከዚህ ጣሪያ በላይ አይወጣም። ፓምፑ የሚያደርገው ውሃው ከጣሪያው እንዳይርቅ ብቻ ነው። ባሕር ዳር ለሚኖር ሰው የተጻፈ መመሪያ «በዚህ ገንዳ አንድ ሞሬይና አራት ዓሣ ይበቃል» ካለ፣ ደሴ ላይ አራቱን ዓሣ ቀንሱ።

ይህን ከወረቀት አይደለም የተማርኩት። ሁለተኛ ዓመቴ ላይ አንድ ቅዳሜ ማታ ሦስት ትልልቅ ሽሪምፕ አበላሁት፣ ሆዱ ላይ እብጠቱ እስኪታይ። ልጅ ሲጠግብ እንደሚያስደስት ያስደስታል። ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ መብራት ሄደ። «ይመጣል» ብዬ ተኛሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቼ በስልኬ መብራት ሳየው ድንጋዩ ውስጥ የለም። ራሱን ውሃው አፍ ላይ አንጋጦ፣ እስከዚያ ድረስ አይቼው በማላውቀው ስፋት አፉን ይከፍታል። ቶሎ ቶሎ። የባትሪ ፓምፕ አልነበረኝም። የነበረኝ የፕላስቲክ ጆግ ነው። ወንበር ላይ ወጥቼ ውሃውን እየቀዳሁ ከአንድ ክንድ ከፍታ መልሼ አፈስሰው ጀመር፤ ውሃው ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባል። ባለቤቴ ተነስታ በሩ ላይ ቆመችና «ለዓሣ ስትል ሌሊት መቆም ጀመርክ? ለፈጣሪ ቆመህ ታውቃለህ?» አለችኝና ጆጉን ተቀበለችኝ። እየተፈራረቅን የሱብሂ አዛን ድረስ አፈሰስን። መብራቱ የመጣው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። በማግሥቱ ግማሹን ሽሪምፕ ሳይፈጭ ተፋው፤ እሱ ግን ዳነ።

ጥፋቱ የመብራቱ ብቻ አልነበረም። ሞሬይ የበላውን ለመፍጨት ከወትሮው የበለጠ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ፍላጎቱ ጣሪያ በነካበት ሰዓት ነው አየር ያሳጣሁት። ከዚያ ወዲህ ሕጌ ይህ ነው፦ ጠዋት እንጂ ማታ አላበላም፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሳምንት ደግሞ ግማሽ እሰጠዋለሁ ወይም እተወዋለሁ። ጤነኛ ትልቅ ሞሬይ አንድ ሳምንት ቢጾም ምንም አይሆንም። ከመጥገብ የሚመጣው ነው የሚገድለው።

ወደ ንጽጽሩ ስንመለስ፣ ሙቀቱም የኦክስጅኑን ያህል ይለያያል። ሞሬዮቹ ከ22 እስከ 27 ዲግሪ ይስማማቸዋል፤ እኛ ዘንድ 24ን እመርጣለሁ፣ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ኦክስጅን የተሻለ ይይዛልና። ኮምቦልቻ ውስጥ ሂተሬ ብዙውን ሌሊት ነው የሚሠራው፤ ሚያዝያና ግንቦት ላይ እንዲያውም ተቃራኒው ይመጣና ውሃው ላይ ቬንቲሌተር አዞራለሁ። ውሃው ሲተን ይቀዘቅዛል። የተነነውን የምትተኩት በንጹሕ ውሃ ነው፣ በጨው ውሃ አይደለም፤ ጨው አይተንም። ደሴ ግን ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሌሊቱ ቤት ውስጥም አጥንት ይሰብራል። ለ280 ሊትር አንድ ትልቅ ሂተር ከመግዛት ሁለት ባለ 200 ዋት ግዙ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ያቆየዋል፣ አንዱ ተጣብቆ ሳይጠፋ ቢቀር ደግሞ ብቻውን ዓሣውን አይቀቅለውም። መብራት ሲጠፋ የገንዳውን ጎን በጋቢ ጠቅልሉት። ቀልድ አይደለም፤ 280 ሊትር ውሃ በአንዴ አይቀዘቅዝም፣ ጋቢው ብዙ ሰዓት ያተርፍላችኋል። የላይኛውን ግን በጋቢ አትሸፍኑት፣ የሚተነፍሰው በዚያ ነው።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። ኮምቦልቻ ከሆናችሁ ስኖውፍሌክ ያለ ጭንቀት፣ ዜብራ ደግሞ ቦታና ጀነሬተር ካላችሁ። ደሴ ከሆናችሁ አንድ ስኖውፍሌክ ብቻውን፣ ወይም ድንኩ። ዜብራን ደሴ ላይ አይቻልም አልልም፤ እኔ ግን አላደርገውም።

«ጨው ጨው ነው»

አጎቴ ገንዳውን ሲያይ ያለኝ ይህንን ነው፤ «ከአፍዴራ የሚመጣ ጨው በኩንታል እየተሸጠ አንተ በኪሎ ከውጭ ታስመጣለህ?» አለኝ። የወጥ ጨው አንድ ነገር ነው። የባሕር ውሃ ግን በሊትር ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ይኑረው እንጂ፣ ከውስጡ 1,300 ሚሊግራም ገደማ ማግኒዥየም፣ 400 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም፣ ሌላም ሌላም አለው። የውሃውን አሲድነት የሚያረጋጋውም የወጥ ጨው ውስጥ የለም። ለዚህ ተብሎ የተቀመመውን የአኳሪየም ጨው ነው የምትፈልጉት።

ሒሳቡን ቀድማችሁ ሥሩት። 280 ሊትር ለመሙላት ወደ 10 ኪሎ ጨው ይሄዳል። ከዚያ በየሳምንቱ 15 ከመቶውን ስትቀይሩ በሳምንት አንድ ኪሎ ተኩል፣ በወር ስድስት ኪሎ። የዜብራው 500 ሊትር ከሆነ በወር ከ10 ኪሎ ያልፋል። ሥጋ በል ዓሣ ውሃ ያቆሽሻል፤ ቅየራውን መዝለል አይቻልም። ስኪመር የሚባለው በአረፋ ቆሻሻ የሚያወጣ መሣሪያ ደግሞ እኛ ዘንድ ድርብ ጥቅም አለው፦ ውሃውን ያጠራል፣ አየርም ያስገባል።

የጅቡቲ መንገድ ሹፌር የሆነ ዘመድ ያለው ሰው «በጀሪካን የባሕር ውሃ ያምጣልኝ» ማለቱ አይቀርም። ኮምቦልቻ ላይ ሁላችንም እንዲህ ያለ ዘመድ አለን። ሞክሬዋለሁ። ከወደብ አጠገብ የተቀዳ ውሃ ዘይት ዘይት ይሸታል፤ ራቅ ካለ ቦታ የተቀዳው ጥሩ ነበር፣ ግን በባቲ በኩል ያለውን ሙቀት በጀሪካን ታሽጎ ካለፈ በኋላ ስከፍተው የበሰበሰ እንቁላል ሸተተኝ። ጨው ከረጢት ውስጥ አይበሰብስም።

ገንዳው ተሞልቶ፣ ፊልተሩ ሥራ ጀምሮ፣ ከቆሻሻ የሚመጣውን አሞኒያ የሚባል መርዝ የሚሰብረው ባክቴሪያ እስኪራባና አሞኒያው ዜሮ እስኪሆን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ጠብቁ። መድኃኒት ቢያስፈልግ መዳብ ያለበትን አትንኩ፤ ሞሬይ ቅርፊት የለውም፣ መዳብ ክፉኛ ይጎዳዋል።

ማዕዱ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄዬ ልመለስ። እዚህ አገር ሊገኝ የሚችለው ምግብ ሦስት ዓይነት ነው፦ ከሐይቅ የሚመጣው ዓሣ፣ ከአዲስ አበባ በበረዶ የሚመጣው ሽሪምፕና ስኩዊድ፣ እንግዳ የሚመክራችሁ።

ከመጨረሻው ልጀምር። «ጉበት ስጠው፣ የዱለት ትርፍ ስጠው» ይሏችኋል፤ ወሎ ላይ ሥጋ መንፈግ ነውር ነው። የበግና የበሬ ጮማ ግን በ24 ዲግሪ ውሃ ውስጥ የሚኖር ገላ በደንብ አይፈጨውም፤ ጉበቱ ላይ ይከማችበታል። የቆርቆሮ ቱናም አይሆንም፣ ዘይትና ጨው ነው።

የሐይቅ ዓሣ ቅርብና ትኩስ ነው፤ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቆሮሶ አልፎ አልፎ በቁራጭ ብትሰጡ አልቃወምም፣ ግን የጣፋጭ ውሃ ዓሣ ስቡ ከባሕሩ ይለያልና ዋና ምግብ አይሆንም። ካርፕን ግን ፈጽሞ። የካርፕ ወገን፣ በየገንዳው የሚታየውን ወርቃማ ዓሣ ጨምሮ፣ ቫይታሚን ቢ1ን የሚሰብር ታያሚኔዝ የሚባል ነገር ሥጋው ውስጥ አለው። በረዶ ውስጥ ማቆየት ያንን አያጠፋውም። በየሳምንቱ እሱን የሚበላ ሞሬይ ከወራት በኋላ ሚዛኑን ስቶ እየተጠማዘዘ መዋኘት ይጀምራል። በሕይወት ያለ ትንሽ ዓሣ ወርውሮ ማሳደኑም ለካፌ ትርዒት ያምር ይሆናል፤ ጥገኛ ትልና በሽታ ይዞ ይገባል፣ ሞሬዩንም የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ እንዲነክስ ያስተምረዋል። በጾም ሰሞን ደግሞ የዓሣ ዋጋ ሲንር ሞሬያችሁ ከጿሚ ጋር ይሻማል።

የቀረው ሽሪምፑ ነው። ጥሬ፣ ከነቅርፊቱ፣ ጨውና ቅመም ያልነካው። ቅርፊቱ ለባለ ዱልዱሙ ጥርስ ሥራ ይሰጠዋል። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሲገኝ በፎም ሳጥን በበረዶ አስመጣና የአንድ ጊዜውን በየፌስታሉ ቋጥሬ አስቀምጣለሁ። የኔ ትልቁ ጣጣ ሞሬዩ አይደለም፣ ፍሪዘሩ ነው፤ መብራት ጠፍቶ የቀለጠውንና እንደገና የጠጠረውን ለይቼ ማወቅ አለብኝ። ዘዴዬ ቀላል ነው፦ ፌስታሎቹ አጠገብ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ አጥጥሬ ከላይ አንድ ሳንቲም አስቀምጫለሁ። ሳንቲሙ ታች ወርዶ ካገኘሁት በረዶው ቀልጦ ነበር ማለት ነውና ሽሪምፑን እጥለዋለሁ።

ለገና በማደግ ላይ ላለ በሳምንት ሁለት ሦስቴ፣ ለትልቁ አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃል። ቁራጩ ከራሱ ውፍረት አይብለጥ። በፈላ ውሃ አታቅልጡት፤ ከገንዳው ውሃ ትንሽ ቀድታችሁ በሳህን ውስጥ ተዉት። አልፎ አልፎ ለዓሣ የሚሆን ቫይታሚን ጠብ ታደርጉበታላችሁ። ከዚያ በረጅም የሥጋ መቆንጠጫ ይዛችሁ፣ ከአፉ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን፣ ቀስ እያላችሁ አወዛውዙለት። እጃችሁን ታጥባችሁም ቢሆን አታስገቡ፤ ሽሪምፕ የነካ ጣት ለሱ ሽሪምፕ ነው።

አዲስ የመጣ ሞሬይ ላይበላ ይችላል። የኔው ለ19 ቀን አፉን ለምግብ አልከፈተም፤ እኔ ነበርኩ የከሳሁት። በዚያ ጊዜ የሚደረገው መብራቱን ማደብዘዝ፣ መሸሸጊያ ቱቦ መጨመር፣ አሞኒያውን መለካት፣ በሁለት ቀን አንዴ ሞክሮ ያልተበላውን ወዲያው ማውጣት ነው። ጠዋት የሚለው ሕጌ እዚህ ላይ ይቆማል፤ አዲሱ ሲመሽ ነው የሚደፍረው።

ጨው ካስፈራችሁ

ፋየር ኢል የሚባል የጣፋጭ ውሃ ዓሣ አለ። በእውነቱ የሞሬይ ዘመድ አይደለም፣ መልኩ ግን እባብ ነው፤ ጥቁር ቡናማ ገላ ላይ ቀይ መስመር። እስከ አንድ ሜትር ያድጋልና ገንዳው ሰፊ መሆን አለበት፣ ሥሩም ደቃቅ አሸዋ፤ ራሱን ይቀብርበታል። ምግቡ የመሬት ትል ነው። ክረምት ላይ ደሴ ውስጥ የመሬት ትል ለማግኘት ከጓሮ በላይ መሄድ አያስፈልግም፤ መድኃኒት ያልተረጨበት ጓሮ ይሁን እንጂ። ደግሞም ጣፋጭ ውሃ ከጨው ውሃ የበለጠ ኦክስጅን ይይዛል፤ ደሴ ላይ በ25 ዲግሪ 6 ሚሊግራም ገደማ፣ ማለትም ኮምቦልቻ ላይ ካለው የኔ የጨው ገንዳ የተሻለ። ደሴ ለሚኖርና መጀመሪያው ለሆነ ሰው እኔ ከሞሬይ በፊት የምመክረው ይህንኑ ነው። ወዳጄ ግን አልተዋጠለትም። «የጅቡቲው ነው የምፈልገው» አለ።

እንግዲያው ክዳኑ። የኔ አንድ ሌሊት የፊልተሩ ቱቦ በሚገባበት ሁለት ጣት በማይሞላ ክፍተት ወጥቶ፣ ጠዋት ፍሪጁ ሥር አቧራ ተለውሶ አገኘሁት። ቆዳው ገና እርጥብ ስለነበር ተረፈ። አሁን ክፍተቱ ሁሉ በስፖንጅ ተደፍኗል፣ ክዳኑ ላይ ሁለት ጡብ ተቀምጧል። ጡቡ አያምርም።

ወዳጄ በመጨረሻ 280 ሊትሩን አሠርቶ ሙሉ ክብደቱን ስለነገርኩት ከጣውላው ፎቅ አውርዶ ምድር ቤት አስቀመጠው። ከሞሬዩ በፊት ሁለት የባትሪ ፓምፕና አንድ ጋቢ ገዛ። ስኖውፍሌኩ ገና አልመጣም፤ ውሃው አምስተኛ ሳምንቱ ነው፣ ውስጡ ድንጋይና አረፋ ብቻ። ባለፈው እሁድ ሄጄ ጥግ ላይ ተቀምጬ ማኪያቶ ስጠጣ አንድ ደንበኛ መስታወቱን አንኳክቶ «ዓሣው የታለ?» አለው። «እየመጣ ነው» አለ ወዳጄ፣ ስኒውን እየወለወለ፣ «መስታወቱን ግን አታንኳኳ።»